ከስሙ በፊት ወይስ ከስሙ በኋላ? በእንግሊዝኛ ስምን ስንገልጽ የቱን እንምረጥ

«ትናንት የመጣው ሰው አጎቴ ነው።» ይህን በእንግሊዝኛ ጻፉ ሲባል ብዙ ተማሪ «ዘ ማን ኬም የስተርደይ ኢዝ ማይ አንክል» ይላል። እያንዳንዱ ቃል ልክ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን አይሆንም። አንባቢው «ኬም» ላይ ሲደርስ ዋናውን ግስ ያገኘ ይመስለዋል። ወዲያው «ኢዝ» ይመጣና ግራ ይገባዋል። ትክክለኛው «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ ኢዝ ማይ አንክል» ነው። የጎደለችው አንዲት «ሁ» ናት።

ለምን እንደምትረሳ ግልጽ ነው። በአማርኛ «የመጣው» ስንል ገላጭ መሆኑ፣ ጊዜው፣ የመጣው ወንድ መሆኑ፣ ሁሉም አንድ ቃል ውስጥ አለ። «የመጣችው»፣ «የሚመጡት»፣ «የማይመጣው» እያልን መቀጠል እንችላለን። የእንግሊዝኛ ግስ ይህን ሁሉ አይዝም። በተለይ ፓርቲሲፕል የሚባሉት ሁለቱ፣ በ«ኢንግ» የሚያልቀውና ክፍል ውስጥ «ቨርብ ስሪ» የምንለው፣ ማን እንዳደረገውም መቼ እንደሆነም በራሳቸው አይናገሩም። የማን እንደሆኑ የሚታወቀው በተቀመጡበት ቦታ ነው። ስለዚህ ምርጫችን ሁሉ በሁለት ጥያቄ ይመራል። የት ይቀመጥ? ጊዜውንስ ማን ይናገርለት?

ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ ብታነቧቸው ጆሮ ይረዳችኋል።

ገላጩ አንድ ቃል ሲሆን

እንደ አማርኛው ከስሙ በፊት ይገባል። «ቦይሊንግ ዎተር» እየፈላ ያለ ውሃ ነው። «ቦይልድ ዎተር» የፈላ ውሃ ነው፣ አሁን ቀዝቅዞም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጠጡ የሚለን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው አፍ ይልጣል።

ትልቁ መሰናክል ያለው ስሜት የሚናገሩት ግሶች ላይ ነው። «ቦሪንግ» ሌላውን የሚያሰለች ነው። «ቦርድ» ራሱ የሰለቸው። «አይ አም ቦሪንግ» የሚል ሰው «ሰልችቶኛል» ያለ ይመስለዋል። የሰማው ሰው የሚረዳው ግን «እኔ አሰልቺ ነኝ» ብሎ ነው። «ኮንፊውዚንግ»ና «ኮንፊውዝድ»፣ «ታየሪንግ»ና «ታየርድ»፣ «ኤክሳይቲንግ»ና «ኤክሳይትድ» እንደዚሁ ናቸው። ስሜቱን የሚያመጣው ነገር «ኢንግ» ይወስዳል። ስሜቱ የደረሰበት ሰው «ቨርብ ስሪ» ይወስዳል።

አድቨርብ (ተውሳከ ግስ) እዚህ በጎን በር ይገባል። ፓርቲሲፕሉን ይገልጻል፣ ፓርቲሲፕሉ ደግሞ ስሙን። «ኤ ኒውሊ ቢልት ሃውስ» አዲስ የተሠራ ቤት ነው። «ኒውሊ» ቤቱን በቀጥታ አትነካም፣ መሠራቱን ነው የምትናገረው። ስትጽፉ አንድ ነገር አስተውሉ። በ«ሊ» ከሚያልቅ አድቨርብ በኋላ አጭር ሰረዝ አይገባም። ከስም በፊት በሚመጣው «ዌል-ኖውን» ውስጥ ግን ይገባል።

ሲረዝም ወደ ኋላ ይሄዳል

«ጫማ የሚሸጠው ልጅ» የሚለውን በአማርኛው ቅደም ተከተል «ዘ ሴሊንግ ሹስ ቦይ» ማለት አይቻልም። «ዘ ቦይ ሴሊንግ ሹስ» ነው። ፓርቲሲፕሉ ተሳቢ፣ ቦታ ወይም ጊዜ አስከትሎ ከመጣ ከነጓዙ ከስሙ በኋላ ይቀመጣል። «ዘ ስሊፒንግ ቻይልድ» እንላለን። ሶፋው ላይ ከጨመርን ግን «ዘ ቻይልድ ስሊፒንግ ኦን ዘ ሶፋ» ይሆናል። በአማርኛ የፈለግነውን ያህል ብናስረዝመው ከስሙ በፊት ይደረደራል፤ ልማዱ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው።

አንዳንድ ቃል ደግሞ ቦታ ሲቀይር ትርጉሙንም ይቀይራል። «ኮንሰርንድ ፓረንትስ» የተጨነቁ ወላጆች ናቸው። «ዘ ፓረንትስ ኮንሰርንድ» ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወላጆች ናቸው፣ ጭንቀት የላቸውም ይሆናል። «አን ኢንቮልቭድ ስቶሪ» የተወሳሰበ ታሪክ ነው፤ «ዘ ፒፕል ኢንቮልቭድ» ነገሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች። «ዩዝድ ቡክስ» አሮጌ መጻሕፍት፣ «ዘ ቡክስ ዩዝድ» ለሥራው የተጠቀምንባቸው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለምትጽፉ ይህ ቀልድ አይደለም። «የሚመለከታቸው አካላት» ለማለት ፈልጋችሁ «ኮንሰርንድ»ን ከፊት ካስቀመጣችሁ፣ አንባቢው አካላቱ ሥጋት ገብቷቸዋል ብሎ ሊረዳ ይችላል።

«ሁ» ወይስ «ኢንግ»?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው። «ዘ ዉማን ሁ ኢዝ ሴሊንግ ቶማቶስ» እና «ዘ ዉማን ሴሊንግ ቶማቶስ» ሁለቱም ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ናቸው። ሁለተኛው ሁለት ቃል ቆጥቧል። ታዲያ ሁልጊዜ አጭሩን ለምን አንወስድም?

መጀመሪያ፣ ስሙ አድራጊው መሆን አለበት። ሴትዮዋ ሻጭ ስለሆነች «ኢንግ» ሠርቷል። «የገዛሁት መጽሐፍ» ላይ ግን መጽሐፉ ገዢ አይደለም። እዚህ «ኢንግ»ን እርሱት። «ዘ ቡክ አይ ቦት» በቂ ነው። «ዊች» እንኳ አያስፈልግም። ብዙ ሰው «ዊች»ን ሳይጨምር የጎደለ ይመስለዋል፤ በንግግር ግን የሚሰማው ያለሷ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጊዜው ነው። «ኢንግ» የራሱ ጊዜ ስለሌለው ከዋናው ግስ ይበደራል። «ዘ ዉማን ሴሊንግ ቶማቶስ ኖውስ ማይ ማዘር» ካልን ሴትዮዋ አሁን ትሸጣለች፣ እናቴንም አሁን ታውቃለች። «ኖውስ» በ«ኒው» (ታውቅ ነበር) ከተተካ ሽያጩም አብሮ ወደ ድሮ ይሄዳል። አሁን ይህን እንመልከት፦ «መኪናውን የሸጠችልኝ ሴት ባሕር ዳር ትኖራለች።» ሽያጩ አልፏል፣ ኑሮው አሁን ነው። «ዘ ዉማን ሴሊንግ ሚ ዘ ካር ሊቭስ ኢን ባሕር ዳር» ካልን ግን መኪናው ገና አልተሸጠም፣ ድርድር ላይ ነን ማለት ይሆናል። ሁለቱ ጊዜያት ከተለያዩ ያለ «ሁ» መውጫ የለም፦ «ዘ ዉማን ሁ ሶልድ ሚ ዘ ካር»።

ጊዜው አንድ ቢሆንም እንኳ አንዴ ተደርጎ ያለቀ ነገር «ኢንግ»ን አይወድም። «መስታወቱን የሰበረው ልጅ ሮጦ አመለጠ» ሲባል «ዘ ቦይ ሁ ብሮክ ዘ ግላስ» ነው። «ዘ ቦይ ብሬኪንግ ዘ ግላስ» ካልን ልጁ እየሰበረ ይሮጣል። «ካን»፣ «ማስት»፣ «ዊል» የሚያስፈልገው ሐሳብም እንዲሁ ነው። «ሊረዳን የሚችል ሰው» «ሳምዋን ሁ ካን ሄልፕ አስ» ነው። «ሄልፒንግ» ብቻውን «የሚችል»ን አይሸከምም።

በሌላ በኩል «ኢንግ» እዚህ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። «ዘ ቦክስ ኢዝ ኮንቴይኒንግ ቡክስ» ስህተት ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው፣ «ኮንቴይን» እንዲህ አይነገርም። «ኤ ቦክስ ኮንቴይኒንግ ቡክስ» ግን ፍጹም ደህና እንግሊዝኛ ነው። ምክንያቱም ስምን የሚገልጸው «ኢንግ» የግድ «እየ…» ማለት አይደለም። «የሚ…» ማለትም ይሆናል። አውሮፕላን ማረፊያ «ፓሰንጀርስ ትራቭሊንግ ቱ ዱባይ» ሲባል መንገደኞቹ ገና ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ዱባይ የሚጓዙ ማለት ነው፣ እየተጓዙ ያሉ አይደለም።

አሁን ደግሞ በአማርኛ ያደገ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ወጥመድ። «እዚያ የቆመው ሰውዬ»፣ «ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ»፣ «ጥግ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ»። የአማርኛው ግስ ያለፈ ይመስላል፣ ስለዚህ እጃችን ወደ «ስቱድ»ና «ዎር» ይሄዳል። ግን ሰውዬው አሁንም ቆሟል፣ ልጅቷም ቀሚሱን አላወለቀችም። ድርጊቱ ያለቀ ቢሆንም ሁኔታው እንደቀጠለ ነው። እንግሊዝኛው የሚያየው ሁኔታውን ነው፦ «ዘ ማን ስታንዲንግ ኦቨር ዜር»፣ «ዘ ገርል ዌሪንግ ኤ ሬድ ድሬስ»፣ «ዚ ኦልድ ማን ሲቲንግ ኢን ዘ ኮርነር»። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተኛ፣ ለበሰ፣ ያዘ የሚሉትን ስታዩ መጀመሪያ «ኢንግ»ን ሞክሩ።

«ቨርብ ስሪ» ከስም በኋላ

ይኸኛው የተደራጊ ነው፤ ነገሩ በስሙ ላይ ሲደረግ። «ዘ ባትል ፎት አት አድዋ ኢን 1896» አድዋ ላይ የተደረገው ጦርነት ነው (በእኛ 1888 ዓ.ም.)። ከ«ኢንግ» የሚሻልበት ነገር አለ። ያለፈ ነገርን ያለ ችግር ይገልጻል፣ ዋናው ግስ የአሁን ቢሆንም ግድ የለውም። «ዘ ቸርችስ ካርቭድ ፍሮም ሮክ አት ላሊበላ ስቲል አትራክት ፒልግሪምስ» ስንል የተወቀሩት ድሮ ነው፣ ምዕመኑ የሚጎርፈው ዛሬ።

ሦስት መልክ እንዳለው ለማየት የህዳሴውን ግድብ እንውሰድ። ሥራው በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይጀመር በፊት ዜና የሚጽፍ ሰው «ዘ ዳም ቱ ቢ ቢልት» ይላል። በግንባታው ዓመታት «ዘ ዳም ቢዪንግ ቢልት» ይሆናል። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ወዲህ «ዘ ዳም ቢልት ኦን ዘ ብሉ ናይል» ነው። አማርኛው «የሚገነባው» ለመጀመሪያዎቹ ለሁለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛው ግን አንዱን እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል።

መነሻችን ላይ ያለው አጎት የወደቀው እዚህ ነው። «መጣ» ተደራጊ የለውም። ማንም አጎቴን «አይመጣውም»። ስለዚህ «ኬም» ወይም «ቨርብ ስሪ»ዋ «ካም» ከስም በኋላ ለብቻው ገላጭ አይሆንም። «ዘ ገስትስ አራይቭድ የስተርደይ» የሚለውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጂ «ትናንት የደረሱት እንግዶች» ማለት አይደለም። እንደ «ኤ ፎለን ትሪ»፣ «ኤ ሪታየርድ ቲቸር»፣ «አን ኢስኬፕድ ፕሪዝነር» ያሉ ጥቂት ቃላት ብቻ ከስም በፊት ይፈቀድላቸዋል። «አራይቭድ»ም አድቨርብ ከታከለላት «ሪሰንትሊ አራይቭድ ገስትስ» ሆና ታልፋለች።

«የተ…» ካለ «ቨርብ ስሪ» ነው የሚል አቋራጭ አንዳንዴ ይነገራል። የተጻፈ፣ የተሠራ፣ የተሰረቀ ላይ ይሠራል። የተቀመጠ፣ የተኛ፣ የተጓዘ ላይ ግን ጉድ ይሠራችኋል፤ «ተ» አለ፣ ተደራጊነት የለም። እኔ በዚህ አቋራጭ መሄድን አልመክርም። «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰረቀው ስልክ፣ በማን? በሌባ። የተቀመጠው ሰው፣ በማን? ጥያቄው ትርጉም አይሰጥም።

እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ቢሆኑ እዚህ ይደናቀፋሉ። ቶማስ ቤቨር የተባለው የሥነ ልሳንና ሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1970 ያቀረበው ምሳሌ እስከዛሬ ይጠቀሳል፦ «ዘ ሆርስ ሬስድ ፓስት ዘ ባርን ፌል።» በጎተራው አጠገብ የተጋለበው ፈረስ ወደቀ ማለት ነው። አንባቢ ሁሉ «ሬስድ»ን ዋና ግስ አድርጎ ይወስድና «ፌል» ላይ ሲደርስ ይጋጫል። «ዘ ሆርስ ዛት ዎዝ ሬስድ» ቢባል ማንም አይቸገርም ነበር። «ቨርብ ስሪ»ው ካለፈው ጊዜ ግስ ጋር መልኩ አንድ ከሆነ ማሳጠሩ ለአንባቢው ሥራ ያበዛበታል።

አድቨርብ ራሱ ስምን ሲገልጽ

አድቨርብ ግስን ይገልጻል ብለን ሸምድደናል። ታዲያ «ዘ ፒፕል አፕስቴርስ» ምንድን ነው? «ዘ ሮድ አሄድ»፣ «ዘ ጆርኒ ሆም»፣ «ዘ ዌዘር ቱደይ»፣ «ዘ ዴይ ቢፎር»ስ? የቦታና የጊዜ አድቨርቦች ከስም በኋላ ተቀምጠው ስሙን ይገልጻሉ። (አንዳንድ የሰዋስው ሊቃውንት «አፕስቴርስ»ና «ሂር»ን ጭራሽ አድቨርብ አይሏቸውም፣ ከፕሪፖዚሽን ጋር ይመድቧቸዋል። ለአጠቃቀማችን ለውጥ የለውም።) እኛ «ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች» ስንል «ያሉት» ግድ ነው። እንግሊዝኛው «ሁ አር»ን ጥሎ «አፕስቴርስ»ን ብቻ ያስቀራል። «ሁ አር አፕስቴርስ» ማለት ስህተት የለውም፣ ግን ይከብዳል።

የጊዜው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የትናንቱ ስብሰባ» «ዘ የስተርደይ ሚቲንግ» አይደለም። «የስተርደይስ ሚቲንግ» ወይም «ዘ ሚቲንግ የስተርደይ» በሉ። ለኢሜይል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በአንጻሩ «ዜን» ከስም በፊት ትገባለች፦ «ዘ ዜን ፕራይም ሚኒስተር»፣ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር። ዜና ላይ እንጂ ቡና ላይ አትሰማም።

በ«ሊ» የሚያልቁት የአኳኋን አድቨርቦች ግን ስም አይገልጹም። «ሂዝ ኩዊክሊ ዎክ» የለም። ወይ «ሂዝ ኩዊክ ዎክ»፣ ወይ «ሂ ዎክስ ኩዊክሊ»። በእኛም «ፈጣን» እና «በፍጥነት» እንደሚለያዩት ነው። «ፍሬንድሊ»፣ «ሎንሊ» እና «ዴይሊ» በ«ሊ» ቢያልቁም ቅጽል መሆን ስለሚችሉ «ኤ ፍሬንድሊ ማን» ማለት ይቻላል።

«ኦንሊ»ና «ኢቭን» ደግሞ ከየትኛውም ስም በፊት ይቀመጣሉ፣ ቦታቸው ሲቀየር ወሬው ይቀየራል። «ኦንሊ አበበ ኤት ኪትፎ» ካልን ሌላው ሰው ክትፎ አልቀመሰም። «አበበ ኤት ኦንሊ ኪትፎ» ካልን አበበ ሌላ ነገር አልነካም። «ብቻ» ከስሙ በኋላ ስለምትመጣ እጃችን «ኦንሊ»ን ወደ ኋላ ይጎትታታል። በጽሑፍ ከምትገልጸው ስም ፊት አስቀምጧት።

በሁለት ነገር መሃል የተቀመጠ አድቨርብም ተጠንቀቁ። «ስቱደንትስ ሁ ስተዲ ኦፍን ፓስ» ውስጥ «ኦፍን» የማጥናቱ ናት ወይስ የማለፉ? አይታወቅም። «ስቱደንትስ ሁ ኦፍን ስተዲ» ብላችሁ ወደ ፊት አምጧት፣ ያበቃል።

ፓርቲሲፕሉ ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት

«በቦሌ መንገድ ስሄድ ዝናብ ጀመረ።» እንከን የለውም። «ስሄድ» ውስጥ «እኔ» አለሁ። ቃል በቃል «ዎኪንግ አሎንግ ቦሌ ሮድ፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ብንለው ግን በቦሌ መንገድ የሚሄደው ዝናቡ ነው። «ዎኪንግ» ባለቤት ስለሌላት ከኮማው በኋላ ያገኘችውን የመጀመሪያ ስም ትይዛለች። ወይ ባለቤቱን ለውጡ፦ «ዎኪንግ አሎንግ ቦሌ ሮድ፣ አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን።» ወይ «ኢንግ»ን ትታችሁ «አዝ አይ ዎዝ ዎኪንግ» በሉ። አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች ይህ በኮሌጅ መግቢያው ኤስ ኤ ቲ ፈተና የሚመጣ ጥያቄ ነው።

መጨረሻ ላይ ሲቀመጥም ያምታታል። «አይ ሶው ዳዊት ዎኪንግ ቱ ቸርች» ላይ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ዳዊት ነው። እኛ «ስሄድ አየሁት» እና «ሲሄድ አየሁት» ብለን በአንዲት ፊደል እንለየዋለን። እንግሊዝኛው ያቺ ፊደል የለችውም። የምትሄዱት እናንተ ከሆናችሁ «ዋይል አይ ዎዝ ዎኪንግ» ብላችሁ ማስረዘሙ ይሻላል።

ኮማውም ሥራ አለው። «ማይ ብራዘር ሊቪንግ ኢን ዳላስ» ያለ ኮማ ከተጻፈ ሌሎች ወንድሞች አሉኝ፣ የዳላሱን ነው የምለው። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ዳላስ፣» ብዬ በኮማ ካጠርኩት ወንድሜ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ ዳላስ ተጨማሪ ወሬ ነው።

የት ላይ የቱን?

ስትናገሩ «ሁ»ን አትፍሩ። ማንም ረዘመብኝ አይላችሁም። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ አካዳሚክ ጽሑፍ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ግን፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ቢያንስ 150 ቃል ስለ ግራፍ ስትጽፉ፣ ፓርቲሲፕል ዋና መሣሪያችሁ ነው፦ «ዘ ፐርሰንቴጅ ኦፍ ፒፕል ሊቪንግ ኢን ሲቲስ»፣ «ዚ አማውንት ኦፍ ዎተር ዩዝድ ፎር አግሪካልቸር»። እዚያ ላይ «ዊች ዎዝ»ን በየመስመሩ መደጋገም ያደክማል። ስትጠራጠሩ ደግሞ «ሁ» ወይም «ዛት» ላይ እረፉ። የረዘመ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ ባለቤቱ የጠፋበት ግን አይነበብም።

አንድ አብረን እንሥራ። «ባለፈው ዓመት ከጅማ የመጣው ፎቅ ላይ የሚኖረው ቡና ነጋዴ ታሟል።» ስሙ ነጋዴ ነው። «ቡና» አጭር ናት፣ ከፊት ትግባ፦ «ዘ ኮፊ ትሬደር»። «ፎቅ ላይ የሚኖረው» «ሊቪንግ አፕስቴርስ» ሊሆን ይችላል፣ ግን አድቨርቡ ብቻውን ይበቃል። «ከጅማ የመጣው» አልፏል፣ ተደራጊም አይደለም። ስለዚህ «ሁ» ያስፈልገዋል። ፎቅ ላይ ያለው ቡና ነጋዴ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የጅማውን በኮማ እናጥረዋለን፦ «ዘ ኮፊ ትሬደር አፕስቴርስ፣ ሁ ኬም ፍሮም ጅማ ላስት ይር፣ ኢዝ ሲክ።» ፎቁ ላይ ሁለት ቡና ነጋዴዎች ካሉ ኮማዎቹን አውጧቸው።